ለራስ ማንጠፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ትንሽ ነገር ነው፤ ልጆች አልጋቸውን እንዲያነጥፉ፥ ያደሩበትን ቤት እንዲጠርጉ፥ ልብሳቸውን አጥፈው በቦታው እንዲያኖሩ ስለ ማስተማር። ትንሽ ያልሁት ለብዙ ዓመታት እኔው ራሴ አሳንሼ ስላየሁት ነው። ትንሽ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ በገባኝ ጊዜም ዋጋውን ሌላ ሰው ከፍሎልኝ ነበረ።

የከተራ ማታ

ያደግሁት በጎባ ነው። ጥር 10 ቀን፥ የከተራ ዕለት፥ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ከንጋት ጀምሮ መንገድ ሲያጸዱ ይውላሉ። ታቦቱ የሚያልፍበትን አስፋልት ውኃ እየረጨን እንጠርጋለን፤ ጠጠሩን እንለቅማለን። ታቦቱ ከመንበሩ ከተነሣ በኋላም ቀዩን ምንጣፍ ከፊት እያነጠፍን፥ ያለፈበትን ከኋላ እየጠቀለልን፥ እንደገና ወደ ፊት እየሮጥን እስከ ጥምቀተ ባሕሩ እናደርሳለን። ከሰኔቲ አምባ የሚወርደው የጥር ብርድ ፊት የሚገርፍ ቢሆንም በዚያ ሰዓት ማንም አይበርደውም።

የ17 ዓመት ልጅ በነበርሁበት ዓመት ዲቁና ተቀብዬ ነበረ፤ በዚያ ዕለት ግን ተራዬ ከምንጣፍ አንጣፊዎቹ ጋር ሆነ። ማታ፥ ለሌሊቱ ማኅሌት ተመልሼ እስክወጣ ጥቂት ላርፍ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ አቧራ የለበሰውን ነጠላዬን ተቀበለችኝና በደስታ እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄ፥ አንተ ለታቦቱ ስታነጥፍ ውለሃል፤ ላንተ ደግሞ እኅትህ አንጥፋልሃለች፤ ግባና ጋደም በል።»

ገብቼ ተኛሁ። ጋቢው ከብርድ ልብሱ ጋር ተደርቦ፥ ጫፉ ተጣጥፎ፥ ትራሱ ተራግፎ ነበረ። የአንድ ዓመት ታላቄ የሆነችው እኅቴ ከከሰል ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፥ ደብተሯን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታነብ ነበረ። በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች። ማንበብ የምትጀምረው ግን የቤቱ ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነበረ፤ ከሥራውም ውስጥ የእኔ አልጋ፥ የእኔ ካልሲ፥ በየቦታው የጣልሁት የእኔ ልብስ ነበሩበት። እኔ ከቅዳሴ ስመለስ «ደክሞታል» እባላለሁ፤ ሳጠና «አትረብሹት» ይባልልኛል። መጥረጊያ ባነሣ «ተው፥ አንተ ዲያቆን ነህ» ተብሎ ከእጄ ይወሰዳል። እውነቱን ለመናገር፥ መጥረጊያውን ያነሣሁት እንዲወሰድልኝ የጠበቅሁባቸው ቀኖች ይበዛሉ።

እኅቴ በዚያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አልመጣላትም። የእኔ አልጋ ነው ያስቀራት ማለት አልችልም፤ ፈተና ብዙ ምክንያት አለው። ነገር ግን በቀጣዩ ዓመት እኔ ተፈታኝ ስሆን ያንኑ አልጋ አሁንም እርሷ ታነጥፈው ነበረ፤ «እርሱ እንኳ ያጥና» እያለች። እኔ አለፍሁ። ዛሬ ያንን ዓመት ሳስበው፥ ያጠናሁበት ሰዓት ከፊሉ የእርሷ እንደ ነበረ አውቃለሁ።

14 ኪሎ ሜትር

የተመደብሁት ሮቤ በሚገኘው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከጎባ ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን ከቤት የወጣሁበት የመጀመሪያው መንገድ ነበረ። በዶርም በመጀመሪያው ሳምንት አልጋዬ እንደተነሣሁበት ይውላል፤ እንደ ዋለ ማታ እገባበታለሁ። ጫማዬ መተላለፊያው ላይ፥ ፎጣዬ በሰው አልጋ ላይ ይገኛል። ይህን የማደርገው በንቀት አልነበረም፤ ነገሩ አይታየኝም ነበረ። የሰው ዐይን ሁልጊዜ ሌላ ሰው የሚያነሣለትን ነገር ማየት ያቆማል።

ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው ልጅ ከገበሬ ቤተሰብ የመጣ ነው። ሌሊት ተነሥቶ ጸሎቱን ሳይጨርስ እንኳ ብርድ ልብሱን ያጥፋል። አንድ ቀን ፎጣዬን ከአልጋው ላይ አንሥቶ ሰጠኝና፥ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፥ «ወንድሜ፥ ማን እንዲያነሣልህ ነው የተውኸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መልሱን ግን ዐውቀዋለሁ፤ ስሟንም ጭምር።

በዚያ ማታ ለእኅቴ ደወልሁላትና ብርድ ልብስ ሳይሸበሸብ እንዴት እንደሚታጠፍ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ ከእግርጌ መጀመር እንዳለብኝ፥ ጫፉን በፍራሹ ሥር እንዳስገባ፥ ትራሱን መጨረሻ ላይ እንዳኖር። የዝምታዋን ምክንያት አልጠየቅኋትም።

የኤንያ አልጋ

ከዓመት በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ክፍል እንዳስተምር ተመደብሁ። አንድ እሑድ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9ን እያስተማርሁ ነበረ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ቅዱስ ጴጥሮስ በልዳ ወደሚኖሩ ምእመናን በወረደ ጊዜ፥ 8 ዓመት በአልጋ ላይ የተኛ ኤንያ የሚባል ሽባ አገኘ። ፈዋሹ ኢየሱስ ክርስቶስ መሆኑን ነግሮ እንዲነሣ አዘዘው፤ ከዚያም አንድ ትእዛዝ ጨመረለት፤ ለራሱ እንዲያነጥፍ። ኤንያም ወዲያው ተነሣ።

ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፥ እስከዚያ ቀን ድረስ ማን ነበር የሚያነጥፍለት?»

መጽሐፍ ቅዱስ አይነግረንም። እናቱ ትሁን ሚስቱ፥ እኅቱ ትሁን ጎረቤቱ አናውቅም። ሆኖም ሽባ ሰው ለራሱ አያነጥፍም፤ 8 ዓመት ሙሉ ያንን አልጋ ያነጠፈ፥ በሽተኛውን ያገላበጠ፥ ልብሱን ያጠበ ሰው ነበረ። ሐዋርያው ያንን ቃል በተናገረ ጊዜ ኤንያ ከደዌው ሲፈወስ፥ ስሙ ያልተጻፈው ሰውም ከድካሙ ዐረፈ። የመዳኑ የመጀመሪያ ምልክት ወደ ሩቅ አገር መሄድ ወይም በአደባባይ መናገር አልሆነም። ሌላው ሰው የተሸከመለትን ሥራ በገዛ እጁ መውሰዱ ሆነ። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፥ በመጻጉዕ፥ የምናስበው የ38 ዓመት ሕመምተኛም እንዲሁ ጌታችን የተኛባትን አልጋ እንዲሸከም ነው ያዘዘው። ተሸክማው የኖረችውን ተሸከማት።

ይህን ለልጆቹ እየነገርሁ ሳለሁ ቃሌ በጉሮሮዬ ተያዘ። ኤንያ ሽባ ስለ ነበረ ሰው አነጠፈለት፤ እኔ ግን ጤነኛ ነበርሁ። በአስፋልት ላይ ምንጣፍ ያነጠፉ እጆች በቤት ውስጥ አልጋ ማንጠፍ አልቻሉም ነበረ። ለታቦቱ ማንጠፍ ክብር ነው፤ አሁንም አነጥፋለሁ፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ወደፊትም አነጥፋለሁ። ነገር ግን በአደባባይ ሰው ሁሉ እያየ የማደርገውን፥ ማንም በማያየኝ ጓዳ ለእኅቴ ዕረፍት ካላደረግሁት፥ ያነጠፍሁት ለማን እንደ ሆነ ልጠይቅ ይገባኛል።

አፈ ወርቅ ለወላጆች ያስተማረው

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንጾኪያ የተወለደው ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ ከንቱ ውዳሴና ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ትምህርት፥ ወላጆችን ምስል ከሚስሉ ሠዓልያንና ሐውልት ከሚቀርጹ ጠቢባን ጋር ያመሳስላቸዋል፤ በየቀኑ ትርፉን እየጠረቡ፥ የጎደለውን እየጨመሩ ልጃቸውን እንዲያበጁ ይመክራቸዋል። በዚያው ትምህርት አገልጋይ ለሞላባቸው ባለጠጎች አንድ የሚያስደንቅ ምክር ይሰጣል፤ ልጁ እግሩን ሲታጠብ ራሱ ይታጠብ፥ ልብሱን አገልጋይ አያቀብለው፥ በመታጠቢያም የሌላ ሰው እጅ አይጠብቅ ይላል። ለራሱ የሚሠራ ልጅ ብርቱ፥ ትሑትና ለሰው የሚመች ይሆናልና።

ልብ በሉ፤ ይህን ምክር ከንቱ ውዳሴን በሚነቅፍበት ትምህርት ውስጥ ነው ያኖረው። አልጋ ማንጠፍና ትዕቢት ምን ያገናኛቸዋል? ሌላው ሁልጊዜ የሚያነሣለት ልጅ፥ ሌላው ሊያነሣለት የተፈጠረ ይመስለዋል። በአንጾኪያ ይህን ትምህርት በልጁ ልብ የሚዘራው የባሪያው ዝምታ ነበረ። በእኛ ቤት ባሪያ የለም፤ እናት አለች፥ እኅት አለች። የእኔን ትዕቢት ያሳደገው የሚወድዱኝ ሰዎች ፍቅር ነው፤ ስለዚህም ነው ለረጅም ጊዜ ያልታወቀኝ።

የአባቶቻችን የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ያውቅ ነበረ። የቆሎ ተማሪ ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ ውኃውን ቀድቶ፥ እንጨቱን ለቅሞ፥ የመምህሩን ደጅ ጠርጎ ነው ዜማውንና ቅኔውን የሚማረው። ሥራው ከትምህርቱ የሚለይ አልነበረም። እኔ በከተማ ደብር፥ ማታ ማታ፥ ከእናቴ ምግብ ሳልለይ ስለ ተማርሁ ዜማውን ይዤ መጥረጊያውን ዘልዬዋለሁ።

«ክፍል የለንም»

ይህን ስናገር አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ይነሣል፤ ለልጅ የራሱ ክፍል ያለው ቤት ስንት ነው? በጎባም ሆነ በሮቤ ብዙዎቻችን ያደግነው በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነው። መኝታው ከሳሎኑ የሚለየው በመጋረጃ ነው፤ አንዱ ፍራሽ ማታ ተዘርግቶ ጠዋት ይጠቀለላል፤ ሦስት ልጅ በአንድ አልጋ ያድራል። ታዲያ ልጁ የቱን ክፍል ያጽዳ?

እኔ የማምነው ጠባብ ቤት ይህን ትምህርት የበለጠ እንደሚፈልገው ነው። ሰፊ ቤት ውስጥ የአንዱ ዝርክርክነት በር ተዘግቶበት ሊቀር ይችላል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ግን የእኔ ጫማ የሌላው መሰናክል ነው። ልጅ ክፍል ባይኖረው ቦታ ይኑረው። በቁመቱ ልክ ግድግዳው ላይ የተመታች አንዲት ምስማር የልብሱ ቦታ ትሁን፤ አንድ ካርቶን የደብተሩ፥ ከበሩ ኋላ ያለች ጥግ የጫማው። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን በየዕለቱ ታስተምረናለች። ቅኔ ማኅሌቱ፥ ቅድስቱና መቅደሱ ድርሻቸው የተለየ ነው፤ ጻሕሉና ጽዋው፥ ዕርፈ መስቀሉና ጽንሐሑ ካገልግሎት በኋላ በየቦታቸው ይመለሳሉ። በጨለማ ሌሊት ገብቶ የሚፈልገውን ሳይደናበር የሚያገኝ ዲያቆን፥ ከእርሱ በፊት ያገለገለው በቦታው ስላኖረለት ነው። ጌታችንም በተነሣ ጊዜ፥ ራሱ የተጠመጠመበት ጨርቅ ከሌላው ልብስ ተለይቶ ለብቻው ተጠቅልሎ እንደ ተገኘ ወንጌላዊው ዮሐንስ ሳይጽፍ አላለፈም።

የአንድ ወር ሙከራ

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ከ7 እስከ 12 ዓመት ላሉት ልጆች አንዳንድ ሥራ ሰጠናቸው። ትንንሾቹ ጫማቸውን አጣምረው እንዲያኖሩና የተኙበትን እንዲያጥፉ፤ ከፍ ያሉት ውኃ ረጭተው እንዲጠርጉና የራሳቸውን ካልሲ እንዲያጥቡ። ለወንድና ለሴት ሥራው አንድ ነበረ። ሽልማት አላዘጋጀንም። በየእሑዱ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፤ «በዚህ ሳምንት በእናንተ ሥራ ማን ዐረፈ?»

መልሳቸውን አልረሳውም። አንዱ፥ «እማዬ ቡናዋን ተቀምጣ ጠጣች» አለ። ሌላዋ፥ «አያቴ መረቀችኝ» አለች። አንዱ ደግሞ በምሬት፥ «እኔ አጠፍሁት፤ ታናሽ ወንድሜ መልሶ በተነው» አለና ክፍሉን አሳቀን። አንድ ዝምተኛ ልጅ ሦስት እሑድ ምንም ሳይመልስ ቆይቶ በአራተኛው፥ «እኅቴ ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት በሰዓቱ ደረሰች» አለ። ያን ቀን ትምህርቱን ቶሎ ጨርሼ ወጣሁ።

ሁሉም ግን ደስ አላለውም። አንድ አባት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ አስቆሙኝ። «ዲያቆን፥ ልጄን ሃይማኖት አስተምርልኝ ብዬ ላክሁልህ እንጂ መጥረጊያ አስይዝልኝ አላልሁህም። ወንድ ልጅ እኮ ነው» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ነበረ፤ እኔም ፈራሁ። «ጋሼ፥» አልኋቸው፥ «አዳም በገነት የተቀመጠው ሊሠራትና ሊጠብቃት ነው፤ ይህም ከመበደሉ በፊት ነው። በጸሎተ ሐሙስም ካህናት ዝቅ ብለው እግርዎን ያጥቡዎታል። ጌታ ወገቡን በማበሻ ጨርቅ ከታጠቀ፥ ልጅዎ መጥረጊያ ቢይዝ ከክብሩ ምን ይጎድልበታል?» ወዲያው አልመለሱልኝም። ጥቂት ቆይተው «እስቲ እናያለን» ብለው ሄዱ። እስከ ዛሬ ምን እንዳዩ አልነገሩኝም፤ ልጁ ግን መምጣቱን አላቋረጠም።

ለወላጆች

በዚህ ጥቂት ጊዜ ያየሁትን በትሕትና ላካፍላችሁ። ገና ልጅ ያላሳደግሁ ብሆንም፥ ያደግሁበትን ስሕተት ዐውቀዋለሁና።

አስቀድማችሁ አብራችሁ ሥሩ። «ክፍልህን አጽዳ» የሚለው ትእዛዝ ለሰባት ዓመት ልጅ ጭጋግ ነው፤ «ና፥ አንተ ያን ጫፍ ያዝ፥ እኔ ይህን እይዛለሁ» ማለት ግን መንገድ ነው። ጥቂት ቀን አብራችሁ አጥፋችሁ፥ ከዚያ ዐይታችሁት፥ ከዚያ ተዉት።

ልጁ ያነጠፈውን በፊቱ ደግማችሁ አታንጥፉ። አንዲት እናት፥ «እርሱ ሲያጥፈው ጠማማ ነው፤ እኔ ባጥፈው ይፈጥንልኛል» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው፤ ይፈጥናል። ነገር ግን ልጁ የሚማረው ሥራው ከመጀመሪያው የእርሱ እንዳልነበረ ነው። ጠማማው ጋቢ ለጥቂት ሳምንት ይታገሡት።

ጽዳትን ቅጣት አታድርጉት። ባጠፋ ቁጥር መጥረጊያ የሚሰጠው ልጅ፥ መጥረጊያን የጥፋተኛ ዕቃ አድርጎ ያድጋል። ልጃችሁ ስላገለገለ ወይም ስላጠና ከቤት ሥራ ነጻ አታውጡት። ዲቁናም ሆነ ፈተና ከወንድማማችነት ግዴታ አያወጣም፤ ይህን የምለው ነጻ የወጣሁት እኔ ነኝ።

በመጨረሻም፥ ንጹሕ ቤት ንጹሕ ልብ ነው ብለን እንዳንታለል። ጌታችን ጽዋውን ከውጭ አጥርተው ውስጡን የረሱትን ፈሪሳውያን ወቅሷል፤ በአገልግሎት ብዛት የባከነችውን ማርታንም በፍቅር ገሥጿታል። ልጁን የምናስተምረው ቤቱ እንዲያብረቀርቅ፥ ጎረቤትም እንዲያደንቅ አይደለም። የእርሱ ሸክም በሌላ ሰው ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ ነው። አልጋው ተነጥፎ እናቱን የሚያመናጭቅ ልጅ ትምህርቱ አልገባውም።

ባለፈው ጾም ፍልሰታ ወደ ጎባ ሄጄ ነበረ። እኅቴ አሁን ቀን እየሠራች ማታ በኮሌጅ ትማራለች። ጠዋት ከኪዳን ስመለስ፥ ለሥራ ልትወጣ ነጠላዋን ለብሳ ሳለ፥ እንደ ለመደችው በአልጋዬ በኩል አለፈችና የጋቢዬን ጫፍ ልታቃና እጇን ዘረጋች። «ተዪው፥ እኔ አነጥፈዋለሁ» አልኋት። እጇን መለሰችና ቆማ ተመለከተችኝ። ከእግርጌ ጀመርሁ፤ ጫፉን በፍራሹ ሥር አስገባሁ፤ ትራሱን መጨረሻ ላይ አኖርሁ። የከተራውን ማታ አንሥቼ ይቅርታ ልጠይቃት ብዙ ጊዜ አስቤ፥ ቃሉ ሲያጥርብኝ ኖሬአለሁ። በዚያ ጠዋት ጠየቅኋት። «ይፍታህ እንድልህ ነው?» ብላ ሳቀች፤ «እኔ ካህን አይደለሁ» ብላም ወጣች። ከበሩ ላይ ግን ዞር ብላ፥ «ትራሱን አራግፈው፤ ሳታራግፈው ነው ያኖርኸው» አለችኝ።

አራገፍሁት።

ኤንያን ከአልጋው ያነሣ አምላክ እኛንም ያንሣን፤ ለራሳችን እንድናነጥፍ፥ ለሌላውም ዕረፍት እንድንሆን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።